ሒሳቡ ውሃው ጋ ነው

ላለመክፈል የሚደባደብ ሰው በየሰፈሩ ሞልቷል። እኔ ቤት የሚደባደቡት ግን ለመክፈል ነበር። ይሄን ስናገር የሚስቅ አለ፤ ይሳቅ። የሚስቀው ምሳ ቤት ስለሌለው ነው።

ቤቴ ኦሎምፒያ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ነው፤ ሰፈሩ ፎቅ በፎቅ ከመሆኑ በፊት ነው የማወራው። ስም አላወጣሁለትም። ሰው ራሱ «ፈለቀች ጋ» አለው፣ በዚያው ጸና። ጠረጴዛዎቹ በአንድ እጅ ጣት ይቆጠራሉ። ሥጋ የሚባል ነገር አላበስልም። ስጀምር ወንድሜ «ጥብስ የሌለው ምሳ ቤት ምንድነው? ጸበል ልትሸጪ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። እኔ ግን በር ላይ ቆሜ ከየቢሮው የሚወጣውን ሰው አይቼዋለሁ። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፎ እየሳቀ ይመጣል፤ መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ሥጋ ይለያየዋል፣ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ። ስለዚህ ሽሮ ጣድኩ፣ ምስር ጣድኩ፣ ጎመን፣ ዓሣ ሲገኝ ዓሣ። ሽሮ ሃይማኖት የላትም። ሁሉም አንድ ትሪ ከቦ ይበላል።

ቤቴ የሞላው በዚህ ነው። ጠቡም የመጣው በዚሁ ነው። አብሮ ያልበላ ሰው ለሒሳብ አይጣላም።

መስኮቱ ሥር ያለው ትልቁ ጠረጴዛ የአንድ መሥሪያ ቤት ሰዎች ርስት ነበር። ካሳዬ የሚባለው ግዢ ክፍል ነው፤ ሆዱ ከእሱ ቀድሞ በር ይገባል። ሙዘሚል ቀጭን ነው፣ የስልጤ ልጅ፣ ሲናደድ የሚያወራው ከወንበር ተነስቶ ነው። ሉሊት ታይፒስት ናት፤ ትንሽ ትናገራለች፣ ብዙ ትበላለች፣ እወዳታለሁ። የሁሉም አለቃ የነበሩት ደግሞ ጋሽ ጉግሳ ናቸው። ነበሩ ያልኩት በዚያ የሠራተኛ ቅነሳ ጊዜ በትንሽ ጡረታ ከመሥሪያ ቤቱ ስለተሰናበቱ ነው። ከሥራው ቢሰናበቱም ከምሳው አልቀሩም። ሙሉ ልብስ፣ ከረባት፣ ከኮቱ ሥር ሹራብ፣ ብብታቸው ሥር የታጠፈ ጋዜጣ። የማያውቃቸው ሰው ሚኒስትር ነው ብሎ ይነሳላቸዋል።

የመጨረሻው ጉርሻ ገና ጉሮሮ ላይ እያለ ካሳዬ ያጨበጭባል።

«መኪያ! ሒሳብ!»

«ማነው ሒሳብ ያለው?» ሙዘሚል ይነሳል። «መኪያ፣ ከሱ ብትቀበይ ዓይንሽን አላይም!»

«አንተ ትናንት ከፍለሃል!»

«ትናንትማ ሻይ ነው የከፈልኩት! ሻይ ከሒሳብ ይገባል?»

«ሙዘሚል፣ ቅበረኝ! በቁሜ ቅበረኝ እንዳትከፍል!»

«ወላሂ አልሰማህም!»

በዚህን ጊዜ ጋሽ ጉግሳ ወንበራቸውን በኃይል ወደ ኋላ ገፍተው ይቆማሉ። «ልጆች! ምን ማለት ነው ይሄ? እኔ ቁጭ ብዬ? ጉግሳ በሕይወት እያለ?» ይሉና የኮታቸውን ቁልፍ መፍታት ይጀምራሉ። አንድ ቁልፍ፤ ከዚያ ንግግር። ሌላ ቁልፍ፤ ከዚያ ንግግር። ከኮቱ በኋላ ሹራቡ አለ። ከሹራቡ በኋላ የሸሚዙ ኪስ አለ፣ እሱም ቁልፍ አለው።

መኪያ አስተናጋጄ ናት። መካከላቸው ቆማ አንዱ ሽርጧን ወደዚህ፣ አንዱ ወደዚያ ይስባታል። ብሩን አንዱ ኪሷ ውስጥ ይከተዋል፣ ሌላው አውጥቶ ይወረውረዋል። አንድ ቀን እንባ ባይኗ ሞልቶ ወደ ጓዳ ገባች።

«እትዬ፣ እኔ ምሳ ላቀርብ ነው የተቀጠርኩት ወይስ በረኛ ልሆን? ከየአቅጣጫው ነው የሚመቱብኝ እኮ!»

እና ምን አለበት የሚል ይኖራል፤ ፍቅር ነው፣ ባህል ነው። አዎ ባህል ነው። ግን ምሳ ሰዓት አንዲት ናት። ያቺ ጠረጴዛ በዚያች ሰዓት አንድ ጊዜ ብቻ ከተበላባት ኪሳራ ናት፤ ሁለት ጊዜ ከተበላባት ነው እኔ በልቼ የማድረው። እነሱ ለመክፈል ሲተናነቁ ቀጣዮቹ በር ላይ ቆመው ሰዓታቸውን ያያሉ፣ ምራቃቸውን ይውጣሉ፣ ከዚያ መንገዱን ይሻገራሉ። ከመንገዱ ማዶ የይትባረክ ካፌ አለ።

ይትባረክ የመኪና ቁልፍ ጣቱ ላይ የሚያሽከረክር ጎረምሳ ነው፤ መኪናውን ግን አይቼው አላውቅም። ቤቴን ለፑል ማጫወቻ ፈልጎታል። የኪራይ ውሌ የሚያልቀው ሰኔ ላይ ነበር፤ አከራዬ ደግሞ በግልጽ ነግራኛለች። «ፈለቀች፣ እሱ የሚለውን ከከፈልሽ ቤቱ ያንቺው ነው። ካልከፈልሽ፣ ቻው።» ቻው ከሆነ የምገባው ወንድሜ ቤት ነው። የወንድሜ ሚስት ክፉ ሰው አይደለችም። ለእንግዳ ሁሉ «እህታችን ናት፣ ትንሽ ደክሟት ነው እኛ ጋ ያለችው» እያለች የምታስተዋውቅ ዓይነት ደግ ሰው ናት። በዚህ ዕድሜዬ ደክሟት ነው ከምባል ብሞት ይሻለኛል።

ነገሩ የፈነዳው አንድ ረቡዕ ነው። ሙዘሚል የመኪያን ሽርጥ ሲስብ ሽርጡ ተቀደደ። ካሳዬ ሊገላግል ሲነሳ ሆዱ ጠረጴዛውን አነሳው። መኪያ ለቀጣዩ ሰው ይዛ መጥታ ጠርዙ ላይ ያሳረፈችው የሚንተከተክ ሽሮ ከነሸክላው መሬት ወርዶ ተበተነ። በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ የነበረው ሰው፣ ሽሮው የእሱ ነበርና፣ ጥሎ ሄደ፤ ከኋላው ያሉትም ተከተሉት። ጋሽ ጉግሳ በዚህ ሁሉ መካከል ገና ሁለተኛውን ቁልፍ እየፈቱ ነው።

ከሰዓት በኋላ ይትባረክ ቁልፉን እያሽከረከረ መጣ።

«እትዬ ፈለቀች፣ እርስዎ የከፈቱት ምሳ ቤት ነው ወይስ ቀበሌ? ሁልጊዜ ስብሰባ!»

«ምን ፈልገህ ነው?»

«ምንም። ሰኔ ሲደርስ ጠረጴዛዎቹን ልግዛዎት ብዬ ነው። ለማገዶ።»

«አንተ መጀመሪያ ወንበርህን አስፋ። ሰው ካፌህ ገብቶ በግማሽ ቂጡ ነው የሚቀመጠው።»

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። እሱ ሲወጣ መሬቱን እየፋቅሁ ነበር፤ የደረቀ ሽሮ ደግሞ ከሲሚንቶ ይብሳል።

ከዚያ በኋላ ያልሞከርኩት የለም። መጀመሪያ «ሒሳብ በቅድሚያ» አልኩ። ጽሕፈት ብዙ ስለማልችል መኪያ በካርቶን ላይ ጻፈችልኝና በሩ ላይ ሰቀልኩት። ካሳዬ አነበበው፣ ደግሞ አነበበው።

«እትዬ ፈለቀች፣ እኛ አውቶቡስ ነው የተሳፈርነው? ትኬት ልቁረጥ?»

«ክፈልና ግባ።»

«በልቶ ይጠፋል ብለሽ ነው? እኔን? ካሳዬን?»

ተቀይሞ ሄደ፤ ሌላውም እየተቀየመ ሄደ። ያን ቀን የበላው አንድ የላዳ ሹፌር ብቻ ነው፤ እሱም ማንበብ አልቻለም። ካርቶኑን ለእሳት ማራገቢያ አደረግሁት።

ቀጥሎ ወንድሜ መከረኝ። «ዋጋ ጨምሪ፣ ያኔ ለመክፈል ይፈራሉ» አለ። ጨመርኩ። ባሰባቸው! ክብሩም አብሮ ጨመረ። ድሮ ሁለት ሆነው የሚታገሉት አራት ሆኑ።

ሦስተኛው ሐሳብ የራሴ ነበር፣ ጥሩም መስሎኝ ነበር። ጠረጴዛው ጋ ሄጄ ወገቤን ይዤ ቆምኩ።

«ከዛሬ ጀምሮ የሚከፍለው በዕድሜ ትልቁ ነው። አበቃ። ማነው ትልቁ?»

ዝም አሉ። እንዲህ ዓይነት ጸጥታ ቤቴ ገብቶ አያውቅም። ካሳዬ መክፈል ይፈልጋል፤ ዓይኑ እንኳ ይለምናል። ግን አጠገቡ ያለው ጠረጴዛ ላይ የመሥሪያ ቤቱ የአስተዳደር ኃላፊ ተቀምጧል፣ የጡረታ ፋይል የሚይዘው ሰውዬ። ካሳዬ ደግሞ፣ ሁሉም እንደሚያደርገው፣ ጡረታው እንዲዘገይ ፋይሉ ላይ ዕድሜውን ቆርጧል። መክፈል ይፈልጋል፣ መሸምገል ግን አይፈልግም።

«እኔማ ልጅ ነኝ» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ወደዚያ ጠረጴዛ ጭምር። «ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሲከፈት ገና አልተወለድኩም።»

«ወንጂ ሲከፈት አንተ ሸንኮራ ስትመጥ ነበር!» አለ ሙዘሚል።

ሁሉም ጋሽ ጉግሳን አዩ። እሳቸው ጡረተኛ ናቸው፣ ምን ይፈራሉ? እሳቸው ግን ጋዜጣቸውን ዘርግተው፣ «እኔ የካሳዬ ታናሽ ሳልሆን አልቀርም» አሉ። ተሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ሽበታም ሁሉ ልጅ ነኝ ማለት ይወዳል ብዬ። ያን ጊዜ ትንሽ ባስብ ኖሮ ጥሩ ነበር። አላሰብኩም፤ ድስት ጥጄ ነበር።

እዚህ ላይ ሳለን የቧንቧ ውሃ ጠፋ። ጓሮ ያለው መታጠቢያ ደረቀ። እኔ በርሜል አስሞልቼ ደጅ፣ ከበሩ ጎን አስቀመጥኩና ራሴ ጆግ ይዤ ተቀመጥኩ፤ ውሃ ለሰው ከለቀቅሽለት ሁሉም ጠበልተኛ ይሆናል። ብር የማጠራቅምበት የወተት ዱቄት ቆርቆሮ አለኝ፤ እሱን ትቼ የትም አልቀመጥም፣ ይዤው ወጣሁ።

ውስጥ ቅበረኝ አልቀብርህም እየተባለ ሳለ ሉሊት ብቻዋን ወጣች። እጇን አስታጠብኳት። ከዚያ በረጠበ እጇ ከቦርሳዋ ብር አውጥታ ቆርቆሮው ውስጥ ጣል አደረገች።

«የሁላችንም ነው እትዬ። ዝም በይ፣ እስኪደክማቸው ይጩሁ።»

ዝም ማለት የምችል ሰው አይደለሁም። አንገቴን በበሩ አስገብቼ፣ «ተከፍሏል!» አልኩ።

«ማን?» ሦስቱም በአንድ ጊዜ።

«ሉሊት።»

ሰው ሞተ ብላቸው እንዲህ አይሆኑም። ካሳዬ ብሩን ወደ ላይ እንዳነሳ ቀረ። «ሴት ከፈለችብን!» አለ ሙዘሚል፣ ቀስ ብሎ፣ ለራሱ። ምን ይደረግ? ተነሱ። ወጡ። ጠረጴዛው ባዶ ሆነ። በር ላይ የቆሙት ገቡ። እኔ ጆጉን እንደያዝኩ ቀረሁ።

ፈጣሪ ለሞኝ ሲራራ ነገሩን እጁ ላይ ያስቀምጥለታል።

በማግስቱ ደንቡን በቃሌ አወጅኩ፤ ካርቶን የለ፣ ጽሕፈት የለ። «መኪያ ብር አትነካም። ሒሳቡ ውሃው ጋ ነው። እጁን ታጥቦ ቀድሞ የሰጠኝ፣ ከፈለ። እጁ ሽሮ የነካው ሰው ብር አልቀበልም፣ ብሬን አያጨማልቅብኝ።»

እነሱም ሳይገባቸው «ይሁን» አሉ። ከዚያ የሆነውን ባያችሁ! ሰው ማኘክ ተወ። ሁሉም በአንድ ዓይኑ ትሪውን፣ በአንድ ዓይኑ በሩን እያየ ይውጣል። ካሳዬ ወንበሩን ወደ በሩ አስጠጋ። ሙዘሚል እንዳያመልጠው ዓሣውን ከነአጥንቱ ዋጠና ጀርባውን መትተን አተረፍነው፤ ለተወሰነ ጊዜ ዓሣ ከለከልኳቸው። የወንዶቹ ሁሉ ፍርሃት አንድ ነበር፦ ሉሊት እንዳትቀድም። እሷ ደግሞ እያወቀች አልፎ አልፎ እንደምትነሳ ሆና ወንበሯን ታንቀሳቅሳለች፣ ያን ጊዜ ካሳዬና ሙዘሚል ይበራሉ። ታጥቦ የወጣ ሰው ተመልሶ አይቀመጥም፤ ስለዚህ ጠረጴዛው ይለቀቃል፣ ሌላው ይገባል። መኪያ ሽርጧን ሰፍታ ለበሰች። የማገኘው ብር ሁሉ የረጠበ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ጸሐይ ላይ እንደ ድርቆሽ አሰጣዋለሁ። ማዶ ያለው ይትባረክ በመስታወቱ ያየኛል። እኔም እጄን አውለበልብለታለሁ።

ይሄ ጥጋብ ብዙ አልቆየም።

የረሳሁት ነገር ነበር። በእኛ ደንብ ሽማግሌ ሳይታጠብ ማን ይታጠባል? እነካሳዬ የመጀመሪያው ሩጫ ጋብ ሲልላቸው አስተዳደጋቸው ትዝ አላቸው። አንድ ቀን ሙዘሚል ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመ፣ ዞረ፣ ጎንበስ አለ።

«ጋሽ ጉግሳ፣ ይቅደሙ!»

«የለም፣ የለም፣ እናንተ ሂዱ። እኔ ገና ነኝ።»

«እንዴት ተደርጎ! እርስዎ ሳይታጠቡ?»

«ገና ነኝ አልኩህ።»

ትሪው ላይ ምንም የለም። ትሪው ላይ ከተሳለው አበባ በቀር የሚበላ የለም። ጋሽ ጉግሳ ግን የሌለ እንጀራ ይቆርሳሉ፣ በሌለ ሽሮ ያጠቅሳሉ። ሌሎቹ እጃቸውን አንጠልጥለው ቆመው ይጠብቃሉ። በር ላይ ሰው ቆሟል። ካሳዬ ደግሞ ምላሱ አያርፍም።

«ጋሽ ጉግሳ፣ ጣትዎን ሊበሉት ነው እንዴ? ለነገ እንኳ አንዱን ይተዉት!»

ሳቁ። በክፋት አልነበረም፤ ካሳዬ ክፋት የሚችል ሰው አይደለም፣ ይደክመዋል። ጋሽ ጉግሳም ሳቁ። ግን አንገታቸው ላይ ያለው ጅማት አልሳቀም። እኔ ጆጌን ይዤ በበሩ አየሁት።

ከዚያ ቀን በኋላ አልመጡም። «የፈለቀች ሽሮ ቃር ሆነብኝ፣ ማዶ እንሂድ» ብለዋል አሉ። እነካሳዬም ተከተሏቸው፤ ሽማግሌ ትተው ሽሮ አይከተሉም። ያ ጠረጴዛ ሲሄድ ሌላውም ተከተለ። የእነሱ ጩኸት ለቤቴ እንደ ሙዚቃ ነበር ለካ፤ አላፊ አግዳሚው «ምንድነው?» ብሎ የሚገባው በእሱ ነበር። አሁን ጠረጴዛ ይለቀቃል፣ የሚቀመጥበት ጠፋ። ሰኔ ደግሞ ደርሷል።

አንድ ቀን ደጄ ላይ ቆሜ ማዶ ወዳለው መስታወት አየሁ። ይትባረክ ሒሳቡን ወረቀት ላይ ጽፎ ጠረጴዛ ድረስ ያመጣላቸዋል። ወረቀቱ ሲመጣ ጠቡ ተነሳ። ጋሽ ጉግሳ ቆሙ። አንድ ቁልፍ ፈቱ፣ ተናገሩ። ሌላ ቁልፍ ፈቱ፣ ተናገሩ። ፊታቸው በርቷል፣ የሙሽራ አባት መስለዋል። ሹራቡ ጋ ሲደርሱ ካሳዬ ከፍሎ ጨረሰ። ጋሽ ጉግሳ በቁጣ እጃቸውን አወናጨፉ፣ እየተራገሙ ተቀመጡ፣ ቁልፎቹን መልሰው ቆለፉ።

ያን ሁሉ ጊዜ ሳያቸው አንድም ቀን ሸሚዙ ጋ አልደረሱም።

ድስቱ ራሴ ላይ የተደፋ መሰለኝ። እኔ ሥራ የሚያስፈታ ጠብ ነው ያልኩት ለእሳቸው ሥራ ነበር። የቀራቸው ሥራ። ሰውዬው ደመወዝ የለ፣ ቢሮ የለ፣ ማኅተም የለ፤ ያለቻቸው «እኔ ቁጭ ብዬ?» ማለት ብቻ ናት። እሷን ይዤ ወስጄ ብር የግድ ከሚወጣበት በርሜል ሥር አቆምኳት።

እሑድ ቦሌ ሚካኤል ሄድኩ። ሰፈራቸው እዚያ መሆኑን አውቃለሁ። ቅዳሴ ወጥቶ ሰው ተበትኗል፤ እሳቸው ቅጥሩ ሥር ያለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፣ ያንኑ ሙሉ ልብስ ለብሰው። ኮቱ ተከፍቷል። ሹራቡ ተነስቷል። እጃቸው ያ ሸሚዝ ኪስ ውስጥ ነው። እኔም ቆሜ አየሁ፣ በመጨረሻ ምን ሊወጣ ነው ብዬ።

ቆሎ ወጣ።

ሲያዩኝ ደነገጡ፤ ኮታቸውን ሰበሰቡ።

«ፈለቀች? ምን እግር ጣለሽ?»

«የእጅዎን ይስጥዎ ልል ነው የመጣሁት። ሽሮዬን ቃር ነው ብለው ለከተማው አወጁ አይደል? ቤቴን ሊያዘጉኝ ነው?»

«ኧረ ተይ... እኔ መቼ ስለ ሽሮው...» አሉ።

ስለ ምን እንደሆነ እኔም አልጠየቅኩ፣ እሳቸውም አልተናገሩ። ድንጋዩ ላይ ጎናቸው ተቀመጥኩ።

«አዲስ ደንብ አውጥቻለሁ» አልኩ። እውነቱን ለመናገር ያወጣሁት እዚያው ድንጋዩ ላይ ነው። «ሽማግሌ ውሃው ጋ አይሄድም። ውሃው ነው የሚመጣለት። መኪያ ማስታጠቢያውን ይዛ ወንበርዎ ድረስ መጥታ ታስታጥብዎታለች።»

«ለምን ሲባል?»

«ለምን ይበሉኝ! ሽማግሌ በርሜል ሥር እንደ ምልምል ወታደር ተሰልፎ ሲታጠብ ያየ ሰው እኔን ምን ይለኛል? አሳዳጊ የበደላት ነው የሚለኝ።»

ቆሎ ቆረጠሙ። አሰቡ።

«ሒሳቡስ?»

«ሒሳቡ ውሃው ጋ ነው። እሱ አይነካም።»

«ታዲያ እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ እንዴት ነው የምከፍለው?»

«ይጩሁ» አልኳቸው። «ጆሮ አለኝ። እስከ በርሜሉ ይሰማል።»

አዩኝ። ረጅም አስተያየት አዩኝ፤ አለቃ ሠራተኛውን እንደሚያይ። የሚቆጡ መስሎኝ ነጠላዬን ሰብስቤ ነበር። ከዚያ እጃቸውን ወደዚያ ኪስ ሰደዱ።

«ቆሎ ብዪ» አሉኝ።

በላሁ። ጨው በዝቶበታል። እሱንም ነገርኳቸው።

ሰኞ ሁሉም መጡ። ምሳው ሲያልቅ መኪያ ማስታጠቢያውን ይዛ፣ ፎጣውን ክንዷ ላይ ጥላ፣ ጋሽ ጉግሳ ፊት ጎንበስ አለች። ውሃው ሲፈስ ቤቱ ሁሉ ወንበሩ ጠርዝ ላይ ሆኖ ጠበቀ። «እደጊ፣ ተባረኪ» አሉና እጃቸውን አደረቁ። ሽማግሌው ታጥቧል፤ ወጣቱ ተፈታ! ወንበር ተጋጨ፣ ካሳዬና ሙዘሚል በሩ ላይ ተጣበቁ፣ ሉሊት በመካከላቸው ሾልካ ልትወጣ ነበር። ከውስጥ ደግሞ ድምፅ መጣ። «ልጆች! ምን ማለት ነው? እኔ ቁጭ ብዬ? ፈለቀች! ከነዚህ ብትቀበዪ ወዮልሽ!» እኔም ከበርሜሉ ሥር፣ «ቀደሙዎት ጋሽ ጉግሳ! ምን ላድርግ!» እያልኩ እጮሃለሁ። መንገደኛው ቆሞ «ምንድነው?» ይላል። ከዚያ ይገባል።

የወሩ መጨረሻ ሲቃረብ ደግሞ ያልጠበቅሁት መጣ። ካሳዬ በልቶ ጨረሰ፣ አልተነሳም።

«መኪያ! ማስታጠቢያውን ወዲህ!»

«ለማን?» አለች መኪያ።

«ለእኔ ነዋ! ዓይንሽ አያይም? ሽማግሌ አይደለሁም?»

«ወንጂ ሲከፈት አልተወለድክም አልነበር?»

«ወንጂን እኮ ያቀናነው እኛ ነን!»

አጠገቡ ያለውን የአስተዳደር ኃላፊ አየሁት፤ አሁን ካሳዬ አለቀለት ብዬ። ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገና፣ «መኪያ፣ ከዚያ ስትጨርሺ ወደዚህ» አለ። ከዚያ ወዲህ ወር ሲያልቅ ቤቴ በሽማግሌ ይሞላል፣ ደመወዝ ሲገባ ሁሉም ልጅ ይሆናል። ማንም ማንንም አይጠይቅም። አከራዬ ራሷ ሰኔ ላይ ስለ ቤቱ ልታነጋግረኝ በምሳ ሰዓት መጥታ ቆማ ወንበር ጠበቀች። ያለችውን ኪራይ ሰጥቻት ውሉ ታደሰ። ሽበቷን ለመደበቅ ጸጉሯን ሂና የምትቀባዋ እሷው በልታ ስትጨርስ «ማስታጠቢያ የለም?» አለችኝ። ይትባረክም ለስለላ መጥቶ ነበር፤ እጁን እንዳቆሸሸ ወረቀት የሚያመጣለት ሰው ሲጠብቅ ከሰዓት ሆነበት።

የጡረታ ገንዘብ በሚከፈልበት ሰሞን አንድ ቀን መኪያ እንደተለመደው ማስታጠቢያውን ይዛ ጋሽ ጉግሳ ፊት ጎንበስ አለች። እጃቸውን አልዘረጉም።

«ውሰጂው ልጄ» አሉ። «ዛሬ ሽማግሌ አይደለሁም።»

ተነሱ። ካሳዬ በሩ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዞር አለና አያቸው፣ እግሩ እዚያው ተተከለ። «ይቅ... ይቅደሙ» አለ። ጋሽ ጉግሳ ወደ በርሜሉ መጡ፣ ቀስ ብለው፣ ጋዜጣቸውን እንደያዙ። አስታጠብኳቸው። ከዚያ ኮቱን ፈቱ፣ አልተናገሩም። ሹራቡን አነሱ፣ አልተናገሩም። የሸሚዙን ኪስ ከፈቱና የታጠፈ ብር አወጡ። ብሩ ላይ ሁለት ፍሬ ቆሎ ተጣብቋል። ብሩን ቆርቆሮው ውስጥ ከተትኩ፣ ቆሎውን አፌ ውስጥ።

ያን ጊዜ ነው ካሳዬ የነቃው፤ ሆዱን ይዞ እየሮጠ መጣ።

«ጋሽ ጉግሳ! አይሆንም! ይቅበሩኝ! በቁሜ ይቅበሩኝ እንዳይከፍሉ!»

«ተቀበር» አልኩት፣ ቆሎዬን እያኘክሁ። «ተከፍሏል።»